ያጠበ አይናገርም

ዑምኩልሱም የሞተች ዕለት መንደሩን ከሐዘኑ ቀድሞ ሌላ ጭንቅ ያዘው። ከአርባ ዓመት በላይ የአገሩን ሴት ጀናዛ ስታጥብ የኖረችው እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ ማን ሊያጥባት ነው? ወንዱ ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ መቃብሩ ሲወጣ፣ ሴቱ ደጃፏ ላይ ተኮልኩሎ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። ውሃ እንደሆን ሞልቷል፤ አርዲቦ ሐይቅ ከመንደሩ ግርጌ ተንጣሎ ተኝቷል። እጅም የሌለው የለም። ግን ሬሳ ማጠብ ልብስ ማጠብ አይደለም። አጣቢዋ ያየችውን ሁሉ ውጣ የምትቀር ሴት መሆን አለባት፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በየጎጆው አይገኝም።

ሟቿ ግን ነገሩን ጨርሳው ነው የሞተችው። ጎረቤቷን ሰዓዳን፣ ስታጥብ ውሃ የምታፈስላትን ሴት፣ ከሳምንት በፊት አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣ፣ «ሰሚሃ ትጠበኝ። ሰሚሃ ሳትመጣ ውሃ እንዳይነካኝ» ብላታለች። ሰዓዳም ይህንኑ ለቀብር ማኅበሩ፣ ለቅሬው ተናገረች፤ የባሰው ጭንቅ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሰሚሃ የልጅ ልጇ ናት። በአራት ዓመቷ እናቷ ሞታባት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ዑምኩልሱም ናት። አሁን ሐይቅ ከተማ ትኖራለች፤ በባጃጅ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ያም ሆኖ ሦስት ዓመት ሙሉ የአያቷን ደጃፍ አልረገጠችም። ለመውሊድ አልመጣች፣ ለዒድ አልመጣች። ምን እንዳጣላቸው የሚያውቅ የለም፤ የሚያወራ ግን ሞልቷል። አንዱ በመሬት ነው ይላል፤ አንዷ ባል አላገባም ብላ ነው ትላለች። ይሄ አገር መቼም ያላወቀውን ሲያወራ ካወቀው ይበልጥ ይጥመዋል።

ቢደውሉ ቢደውሉ ስልኳን አላነሳ አለች። በመጨረሻ ታረቀኝን በባጃጁ ላኩት። ታረቀኝ ክርስቲያን ነው፤ የቅሬው ለፋፊም እሱ ነው። እዚህ አገር ቅሬ ሃይማኖት አይጠይቅም፣ የሞተን ይቀብራል፤ የታረቀኝ እናት የሞቱ ጊዜ መቃብራቸውን የቆፈሩት የመስጊዱ ሰዎች ናቸው።

ሰሚሃ ከአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። ታረቀኝ ባጃጁን አቁሞ ወረደ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሰሚሃ፣ እማ ኩልሱም አርፋለች» አላት።

የስፌት መኪናው ወዲያው አልቆመም። እስከ ጨርቁ ጫፍ ሄደና ዝም አለ።

«መቼ?»

«ለሱብሂ ሶላት ሰዓዳ ልትቀሰቅሳት ስትገባ አርፋ አገኘቻት። ቀብሩ ከዙሁር በኋላ ነው። አንቺ እንድታጥቢያት ተናዝዛለች።»

«ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ከየት እንፈልግ?» አለ ታረቀኝ። «እኔ የናንተን ጠብ አላውቅም፣ ንገሪኝም አልልሽም። ብቻ አሮጊቷ አልጋ ላይ ናት፤ ፀሐዩ ደግሞ እየበረታ ነው።»

ሰሚሃ መቀሷን አንሥታ የቀረውን ክር ቆረጠች።

«ለኑርዬ ተነግሮታል?»

ታረቀኝ ግራ ገባው። ኑርዬ አባቷ ነው፤ አባትን በስሙ ብቻ መጥራት ምን ይሉታል። «አባትሽን ነው? ከውጫሌ ተነሥቷል። አማቱ አይደለች እንዴ፣ ከሱ ማን ይቀድማል።»

«እንግዲያው እመጣለሁ» አለች። ሻሿን አጠበቀችና ባጃጁ ውስጥ ገባች። ታረቀኝ አያቷን ወዳ የመጣች መሰለው። ነገሩ ሌላ ነበር።

ለመሆኑ ዑምኩልሱም ማን ነበረች? አምባሰል ተወልዳ፣ ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ ለአርዲቦ ሰው የተዳረች፣ ባሏን በወባ ቀብራ አንዲት ሴት ልጅ ይዛ የቀረች ሴት ናት። ጀናዛ ማጠቡን ያስተማረቻት የባሏ እናት ናት። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን፣ ሰው በየመንገዱ ሲረግፍ፣ እሷ ራሷ ሁለት ጉርሻ ሽሮ ቀምሳ በቀን አሥር ሴት ታጥብ ነበር አሉ። ከፈን ቢያልቅ ያላትን ሁለት ነጠላ ቀድዳ ከፈነች። ለዚህ ሥራ ከማንም አንዲት ፍሬ እህል ተቀብላ አታውቅም። ባለፈው ጦርነትም ሰው ሁሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ «የሞተ ሰው አይሸሽም፤ ማን ያነሳዋል» ብላ ከሦስት አልጋ ላይ ከዋሉ አሮጊቶች ጋር ቀረች። ሁለቱን እሷው አጥባ፣ እሷው ጎትታ፣ እሷው ቀበረች። የሸሸው ሰው ሲመለስ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችም።

ከበሩ በላይ አንዲት የጨርቅ ኮሮጆ ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። ውስጧ ካፉር የሚባለው የሬሳ ሽቶ፣ የደረቀ የቁርቁራ ቅጠል፣ ጥጥና መቀስ አለ። የመንደሩ ልጅ ያቺን ኮሮጆ ሲያይ በሩጫ ያልፋል። የዑምኩልሱምንም እጅ ይፈራ ነበር። ሰሚሃ አራተኛ ክፍል እያለች ቆሎ ቋጥራ ትሄዳለች፤ ልጆቹ «የሬሳ እጅ የቆላው ነው» ብለው አንድም አልወስድ አሏት። እያለቀሰች መጥታ ብትነግራት አያትዬዋ ሳቀች።

«አብሽሪ» አለቻት። «እናቶቻቸው ሁሉ አንድ ቀን በዚህ እጅ ይገባሉ።»

እውነቷን ነው፣ ብዙዎቹ ገቡ።

ያጠበች ዕለት እስከ አሱር ሶላት እህል አትቀምስም፤ ከሰው ጋርም ብዙ አታወራም። ስትጨርስ እጇ ሳይደርቅ ወደ ደጅ ትወጣለች። ሴቶቹ ይነሡና «እንዴት ሆነች?» ይሏታል። የእሷ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ፊቷ በርቷል፣ አላህ ወዷታል» ትላለች። ውስጥ ያየችው ቁስል ይሁን፣ እብጠት ይሁን፣ ባል ሳታገባ አርግዛ የሞተች ልጃገረድ ትሁን፣ መልሷ ያው ነው። ያጠበ አይናገርም፤ ሕጓ ይህች ነበረች። አገሩም የወደዳት በዚሁ ነው። ገበና ያለው ሁሉ፣ ገበና የሌለው ደግሞ ማን አለ፣ እማ ኩልሱም እያለች ስለ ሬሳው አይሰጋም ነበር።

እንዲህ ያለችን ሴት ማመስገን ቀላል ነው። በቀብሯም ቀን አፉ እስኪደርቅ ያመሰገነ ብዙ ነበር። ምስጋናው ማንን ምን እንዳስከፈለ ግን የጠየቀ የለም።

ሰሚሃ ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ ከሰዓዳ ጋር ውሃ ማፍሰስ ለመደች። ቀኝ ከግራ እንደሚቀድም፣ ሬሳው ሳይገለጥ ከጨርቅ ሥር እንደሚታጠብ፣ ውሃው በሕይወት ላለ ሰው እንደሚዘጋጀው ለብ ማለት እንዳለበት ተማረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጅዳ ሄደች። ከስድስት ዓመት በኋላ አንዲት ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። ጀርባዋ ላይ ማዳሟ በካውያ የተኮሰቻት ጠባሳ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም። ምን ትላለች? ዘመዶቿ የጠበቁት ስልክና ብርድ ልብስ ነው።

በመጣች በሳምንቷ፣ ሐሙስ ማታ፣ ዑምኩልሱም ውሃ አሞቀችና «ነይ ጀርባሽን ልጠብሽ» አለቻት። ሰሚሃ እምቢ ልትል ነበር፤ የልጅነቷ ነገር ትዝ ብሏት እሺ አለች። ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው እጅ ከትከሻዋ ወደ ታች ወረደና ጠባሳው ላይ ቆመ። ምን ነካሽ፣ ማን ነው፣ የሚል ጥያቄ ጠብቃ ነበር። አልጠየቀቻትም።

«የእናትሽም እዚሁ ጋ ነበር» አለች አሮጊቷ።

የሰሚሃ እናት አሚናት ናት፣ የዑምኩልሱም አንድ ልጅ። አምባሰል ለኑርዬ ተድራ፣ ሳር ስታጭድ ከገደል ወድቃ ሞተች ነው የተባለው። ሰሚሃም ይህንኑ እየሰማች አደገች። አምባሰል ገደሉ ብዙ ነው፣ ማን ይጠራጠራል።

«ምኑ ነው እዚሁ ጋ የነበረው?» አለች ሰሚሃ።

የአሮጊቷ እጅ ተነሣ። «ምንም።»

«እማ፣ ገደል የገባ ሰው ጀርባው ላይ ምን ይኖረዋል?»

አሮጊቷ ከአፏ ያመለጣት ነገር እንደማይመለስ አውቃለች። «ዱላ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጎኗ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። አንገቷ ላይ ደግሞ ጣቱ።»

«የኑርዬ?»

አሮጊቷ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች።

«እና ወጥተሽ ምን አልሽ?»

«ፊቷ በርቷል አልኩ።»

ሰሚሃ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። «ልጅሽ ናት እኮ» አለቻት።

«ሳጥባት ጀናዛ ነበረች» አለች ዑምኩልሱም። «ያጠበ አይናገርም።»

ሰሚሃ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ያንገበገባት የእናቷ ሞት ብቻ አልነበረም። ኑርዬ በየዓመቱ አዝመራ ሲገባ በበቅሎ ጤፍ ጭኖ ይመጣ ነበር። ዑምኩልሱም ወጥታ ትቀበለዋለች፤ ትከሻውን ትስመዋለች፤ ሴቶቹም «አማቱን እንደ እናቱ የሚጦር፣ ወንድ ማለት እሱ» ይላሉ። ሰሚሃ ያንን ጤፍ በልታ ነው አጥንቷ የጠና። እናቷን የሰበረው እጅ የጫነውን እህል አያቷ ስታጎርሳት፣ አውቃ ስታጎርሳት፣ ይሄን እያሰበች ሌሊት ሌሊት ተቀምጣ ታነጋ ነበር።

አንድ ጊዜ ልናገር ብላ ውጫሌ ድረስ ሄዳለች። ኑርዬ ከገበያው ዳር ዋርካ ሥር ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ከሽማግሎች ጋር ተቀምጦ ነበር። የተጣሉ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ነው። ሚስቲቱን «አንቺ ታገሺ፣ ትዳር ማለት ትዕግሥት ነው» ሲላት ሰማችው። ሰሚሃ አፏን ከፈተች፤ አንዲት ቃል አልወጣትም። ዞራ በመጣችበት አውቶብስ ተመለሰች። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ነገር በደም ይወረሳል ለካ። ከዚያ ቀን ወዲህ አያቷን የጠላቻት በዚህም ጭምር ነው፤ ዝምታውን አስተምራታለችና።

ባጃጁ መንደሩ ሲደርስ ሴቱ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀላት። ኑርዬ ቀድሞ ደርሷል። ከቅሬው ሰብሳቢ ከሸህ ሀሚዱ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ ሙስበሃውን ይቆጥራል። ሲያያት ተነሥቶ አቀፋት።

«አብሽሪ ልጄ» አላት። «የአንቺም የእኔም እናት እሷ ነበረች።»

እጆቿን ወደ ታች ጥላ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

ለማጠቡ ሦስት ሰው ያስፈልጋል። ሰሚሃ ታጥባለች፣ ሰዓዳ ታፈሳለች። «ውሃውን ከደጅ እኔ ላቀብላችሁ» ብላ የተነሣችው ሙጂባ ናት፣ አሚናት ከሞተች በኋላ ኑርዬ ያገባት ሚስቱ። ዝምተኛ፣ ቀጭን ሴት ናት። ባልዲውን ለማንሣት እጅጌዋን ስትሰበስብ ግራ እጇ ከአንጓው በላይ ተጣሞ ታየ፤ ተሰብሮ እንደ ነገሩ የገጠመ አጥንት ነው። ሰሚሃ አየችው። ሙጂባም መታየቷን አየች።

«ጥጃ ጎትቶኝ ነው» አለች። የጠየቃት አልነበረም።

ዑምኩልሱም ቀልላ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ያገላበጠች ሴት አንዲት እቅፍ ሳር አትሞላም። ሰሚሃ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ እንደተማረችው ከቀኝ ጀመረች። ልቧን አጽንታ ነው የገባች፤ እንደማታውቃት ሴት አጥቤያት እወጣለሁ ብላ ነበር። ግን እጅ የራሱ ትዝታ አለው። የጉልበቷን ጠባሳ፣ ሰሚሃን አዝላ ስትሮጥ ወድቃ ያገኘችውን፣ እጇ ከዓይኗ ቀድሞ አወቀው፤ እንባዋም ሳትፈቅድለት መጣ።

ሙጂባ ሌላ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ሰዓዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያኔ እናትሽ ስትታጠብም ውሃ የማፈሰው እኔ ነበርኩ» አለች።

ሰሚሃ ቀና አለች። «አውቀሽ ነበር ማለት ነው?»

«ምን አውቄ፣ አየሁት እንጂ። ኑርዬ እህቱ እንድታጥባት ነበር የፈለገው፤ ሽማግሎቹ እናቷ ትጠበቅ ስላሉ ነው እኛ የደረስን። እማ ኩልሱም አሚናትን ገልጣ አየቻትና መልሳ ሸፈነቻት። አልጮኸችም። እጇ ውሃ እንደነካ ወጥታ ኑርዬን ከጓሮ ጠራችው። ከበሩ ኋላ ሆኜ ሰማኋት። ‹ወንድሞቼ እዚሁ አምባሰል ናቸው፣ ጠመንጃም አላቸው። ወይ ለእነሱ እናገራለሁ፣ ወይ ሕፃኗን ሰጥተኸኝ አፌን እዘጋለሁ› አለችው። እሱም እሺ አለ። ከዚያ ተመልሳ አጥባ ጨረሰች። ወጥታም ፊቷ በርቷል አለች።»

«ጤፉንስ?»

«እምቢ ብትለው ሰው ለምን አይልም?»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ምን ብላ?» አለች ሰዓዳ። «ባንቺ ምክንያት ነው እናትሽን በውሸት የቀበርኳት ትበልሽ?»

ሙጂባ ባልዲውን ይዛ ገባች፤ ወሬው ቆመ። ሰሚሃ ማጠቧን ቀጠለች። ሦስት ዓመት የተሸከመችው ቁጣ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። አያቷን ትጥላት እንዳትል፣ ሴትዮዋ የሸጠችው አንዲት ነገር ብትኖር እሷን ለማዳን ነው። ትውደዳት እንዳትል፣ ባልዲውን የያዘው የተጣመመ እጅ እዚያው ፊቷ ቆሟል። አንዷን ልጅ ያተረፈው ዝምታ ለሌላዋ ሴት ቤቱን ከፍቶ ጠበቃት። እሷ እዚህ አርዲቦ ዳር ቆሎዋን ስትቆረጥም፣ በእናቷ ፋንታ ስትመታ የኖረችው ሙጂባ ናት።

ካፉሩን ጨመረች። ከፈኑን አለበሰቻት። ፊቷን ከመሸፈኗ በፊት ደህና አድርጋ አየቻት። ያየችውን ያየችው እሷ ብቻ ናት።

እጇ ሳይደርቅ ወደ ደጅ ወጣች። ሴቱ ተነሣ። ወንዱም ቃሬዛውን አዘጋጅቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ልማዱ ስለሆነ አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ የጠየቃት ኑርዬ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ እውነቱን ነው ያለቀሰው፤ ክፉ ሰው አያለቅስም ያለ ማን ነው?

«እንዴት ሆነች እናታችን?» አላት።

«የእሷን አልናገርም» አለች ሰሚሃ። «ያጠብኳት እኔ ነኝ።»

ሰው ተያየ። ይሄ መልስ ተሰምቶ አያውቅም። አንዲት አሮጊት «ፊቷ በርቷል በይ እንጂ ልጄ» አለቻት።

«እናቴን ግን ያጠብኳት እኔ አይደለሁም» አለች ሰሚሃ። «ስለዚህ የእሷን እናገራለሁ። አሚናት ገደል አልገባችም። ጎኗ ሦስት ቦታ ተሰብሮ፣ ጀርባዋ በዱላ ተተልትሎ፣ አንገቷ ላይ የዚህ ሰው ጣት ታትሞ ነው የተቀበረችው። አያቴ አይታ ዝም ያለችው እኔን ከእጁ ለማውጣት ነው።»

ሰሚሃ ጩኸት ጠብቃ ነበር። አንድ ሰው ኑርዬን አንገቱን ሲይዘው፣ ወይም እሷን ሐሰተኛ ብሎ ሲሰድባት፣ ከሁለቱ አንዱን ጠብቃ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመለከተች፤ የደነገጠ አጣች። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሸህ ሀሚዱ ሙስበሃቸውን ያያሉ። ያን ጊዜ ገባት። ለቀባሪው አረዱት ይሏል ይሄ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቢያንስ ይጠረጥር ነበር። የዑምኩልሱም አፍ የተዘጋ መስሏት ነበር እንጂ የተዘጋው የአገሩ አፍ ኖሯል።

«ልጄ» አሉ ሸህ ሀሚዱ ለስለስ ብለው። «ሐዘን ያናግራል። ጀናዛ ደግሞ ቆሟል፤ ጀናዛን ማቆየት ሐራም ነው። በሉ አንሡ።»

አነሡ። ኑርዬ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ ያዘ። ልቀቅ ያለው የለም። ታረቀኝ ብቻ የኋላውን ጫፍ ለሌላ ሰው ሰጠና ራቅ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተከተለ።

ከቀብር መልስ ሽማግሎቹ ዱኣ አድርገው ሲያበቁ እዚያው ተቀመጡ። ብዙም አልቆዩ። ስለ አሚናት አልተነጋገሩም፤ የድሮ ነገር ነው፣ ሟችም ዳኛም የለም ተባለ። ኑርዬን «አብሽር፣ ልጅ ናት፣ ዐረብ አገር ጭንቅላቷን ነክቷት ይሆናል» ብለው አጽናኑት። የተነጋገሩት ስለ ሰሚሃ ነው። ውሳኔውን ይዛ የመጣችው ሰዓዳ ናት፤ ስትናገር ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

«ከእንግዲህ ጀናዛ እንዳታጥቢ ተብሏል። የሰው ገበና አይያዝልሽም አሉ።»

ሰሚሃ ሳቀች፤ መራራ ሳቅ ነው። በሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ኮሮጆ አወረደችና ለሰዓዳ ልትሰጣት ዘረጋች። ሰዓዳ አልተቀበለቻትም፣ ፊቷን አዙራ ወደ ጓሮ ሄደች። ሰሚሃም ኮሮጆዋን እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቀረች።

ኑርዬ ከመንገዱ ሆኖ ተጣራ። «ሙጂባ፣ መኪናው እንዳያመልጠን።»

ሙጂባ ነጠላዋን ተከናንባ ልትሰናበታት መጣች። እንደ አገሩ ወግ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት ጊዜ ትስመኛለች ብላ ሰሚሃ ጎንበስ አለችላት።

«አትሂጂ» አለቻት ሰሚሃ በጆሮዋ። «እኔ ጋ ቅሪ። አንድ ክፍል አለችኝ፣ ትበቃናለች።»

«ልጆቼስ?» አለች ሙጂባ። «ሦስት ናቸው፤ እሱ ቤት ናቸው።»

ሙጂባ አንዴ ሳመቻት፣ ሁለቴ ሳመቻት። በሦስተኛው ከንፈሯን ከጆሮዋ አስጠጋች።

«እኔን ግን አንቺ እጠቢኝ» አለቻት። «አደራ።»

እጅጌዋን እስከ ጣቷ ድረስ ሳበችና ባሏን ተከትላ ወደ መንገዱ ወረደች።